የኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ፋይል በዛብኝ፤ የትኛውን ልጫን?

ሚጡ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለሰንበት ትምህርት ቤታችን መጽሔት እያዘጋጀሁ ነው፤ ዊንዶውስ 10፣ የምጽፈው በዎርድ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ከጉግል ፎንትስ አውርጄ ዚፑን ስከፍተው የፋይል መዓት ወጣ። ከላይ አንድ ትልቅ ፋይል አለ፣ ከስሩ ደግሞ «ስታቲክ» የሚል ፎልደር። ለጊዜው «ሬጉላር» የሚለውን ብቻ ጫንኩ። ጽሑፉ ያምራል፤ ርእሱን ቦልድ ሳደርገው ግን ይጨማለቃል። በተለይ «ጨ» እግሮቹ ተጣብቀው ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላል። ፎንቱ ተበላሽቶ ይሆን?

ናቲ ፒሲ፦ ፎንቱ ደህና ነው። የፎንት ቤተሰብ ሲባል እያንዳንዱ ውፍረት ለብቻው የተሳለ ነው፤ ይሄኛው ከ«ቲን» (ከቀጭኑ) እስከ «ብላክ» (እስከ ወፍራሙ) 9 ውፍረት አለው። ቦልዱን ስላልጫንሽ ዎርድ ሬጉላሩን ወስዶ በራሱ ያወፍረዋል፤ የፊደሉ መሃል የሚደፈነው ለዚያ ነው። እውነተኛው ቦልድ ላይ ክፍተቱ ታስቦበት ነው የተሳለው።

ዚፑን ራይት ክሊክ አድርጊና «ኤክስትራክት ኦል» በይው። «ስታቲክ» ውስጥ ሬጉላርና ቦልድ የሚሉትን ሁለቱን ምረጪ፤ ስማቸው ላይ «ኮንደንስድ» ያለባቸው ጠበብ ተደርገው የተሳሉ ናቸው፣ ተያቸው። ከዚያ ራይት ክሊክ፣ «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ»። ዎርድን ዘግተሽ ክፈቺው፣ አለበለዚያ አዲሱን ላያየው ይችላል።

ዳኒ 12፦ ሁሉንም ጭኖ መገላገል አይሻልም?

ናቲ ፒሲ፦ ይቻላል፤ ግን የዎርድ የፎንት ዝርዝር ይጥለቀለቃል። የቦልድ ቁልፉ የሚያገናኘው ሬጉላርን ከቦልድ ጋር ነው፤ «ሚዲየም»፣ «ብላክ» ምናምን እያንዳንዳቸው በየስማቸው ይደረደራሉ። ከላይ ያለው ትልቁ ፋይል ቫሪያብል የሚባለው ነው፣ ሁሉንም ውፍረት በአንድ ይዟል። ለድረ ገጽ ግሩም ነው፤ ዎርድ ላይ ግን እኔ አላምነውም።

ጋሽ ተሌ፦ ልጆች፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ኢብሪማ የሚባለው አማርኛ የሚጽፍ ፎንት ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል፣ የራሱ ቦልድም አለው። ኒያላ የሚባለው ሌላው የማይክሮሶፍት ፎንት ነው ቦልድ የሌለው። ደግሞ ሚጡ፣ ኢታሊክ የምትለዋን ቁልፍ አትንኪ። ኖቶ ኢታሊክ ፋይል የለውም፤ ዎርድ ፊደሉን ገፍቶ ያጋድመዋል፣ ሲያዩት ያስጠላል።

ሚጡ፦ ጋሼ፣ ኢብሪማን ሞክሬው ነበር፤ ለረጅም ንባብ ኖቶ ሰሪፉ ይሻለኛል። ናቲ ተባረክ፣ ሠርቷል! አሁን «ጨ» እግሮቹ ለየብቻ ይታያሉ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ አንድ አባት የሰጡኝ የቆየ ጽሑፍ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ኖቶ ብመርጥለትም ያው።

ባለቀለሙ፦ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፣ በየሳምንቱ ይመጣብናል። ጽሑፉ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባለ የድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ፎንት መቀየር አያድነውም። በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ አባን ጠይቂያቸው፤ ያንኑ ስትጭኚ ይነበባል። መጽሔቱ ውስጥ ለመክተት ግን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም አሳልፊው፣ ከዚያም ቃል በቃል አንብቢው። አንዳንድ ፊደል ተሳስቶ መውጣቱ አይቀርም።

ለማተሚያ ቤት ደግሞ ዎርዱን አትላኪ። እኛ ጋ ያ ፎንት ከሌለ ኮምፒውተራችን የራሱን ይተካና ገጹ ሁሉ ይንሸራተታል። ፒዲኤፍ አድርጊው፤ አዶቤ ሪደር ላይ «ፋይል»፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ፎንትስ» ግቢና ከእያንዳንዱ ፎንት ጎን «ኢምቤድድ» (ፋይሉ ውስጥ ተካትቷል) መባሉን እዪ። የጎደለ ካለ ሳትልኪ አስተካክዪው።