ቬበር፦ የኦፔራ መሪነቱ ደራሲነቱን ጎዳው ወይስ ጠቀመው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የጀርመናዊውን የኦፔራ መሪና የሙዚቃ ደራሲ የካርል ማሪያ ፎን ቬበርን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። «አቡ ሐሰን» የተባለው አጭር ኦፔራው በ1811 ከታየ በኋላ፣ «ደር ፍራይሹትስ» በ1821 በርሊን ላይ እስኪቀርብ ድረስ፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድም አዲስ ኦፔራ ለመድረክ አላበቃም (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ በፕራግ፣ ቀጥሎም በድሬስደን የኦፔራ ኃላፊ ሆኖ የሌሎችን ድርሰት ሲያዘጋጅና ሲመራ ነበር። በ39 ዓመቱ ለተቀጨ ሰው ዐሥር ዓመት ቀላል አይደለም። ታዲያ መሪነቱ ደራሲነቱን በላበት ማለት ይቻላል?

የመጀመሪያ መልስ

ጊዜውን መብላቱ አይካድም፤ ነገር ግን ያለዚያ ሥራ «ፍራይሹትስ» ይጻፍ ነበር ብዬ አላምንም። ነገሩን ለመረዳት ከብሬስላው መጀመር ይሻላል። ቬበር በ1804 የዚያ ከተማ ኦፔራ መሪ ሲሆን ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ እንደ ደረሰም የኦርኬስትራውን አቀማመጥ ለወጠ፣ ልምምድ አበዛ፣ አንጋፋዎቹንም አስቀየመ። በ1806 ደግሞ አባቱ በወይን ጠርሙስ ያስቀመጠውን አሲድ ወይን መስሎት ጠጥቶ ለሞት ተቃርቦ ነበር። ከሕመሙ ተነሥቶ ሲመለስ ያሻሻለው ሁሉ ፈርሶ ስላገኘው ሥራውን ለቀቀ፤ መልካም የነበረው የዘፈን ድምፁም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰለትም።

ወደ ፕራግ የተጠራው በ1813 ሲሆን፣ የተረከበው ቡድን እንደ አዲስ መደራጀት ነበረበት። ኦርኬስትራው ውስጥ ሙዚቀኞቹ እርሱ እንዳይሰማ በቼክኛ ሲያወሩ አይቶ ቋንቋውን ተማረ። (ሐሜትን ለመስማት ሲባል ሰዋስው ማጥናት የቬበርን ጠባይ በሚገባ ያሳያል።) በ1814 የቤትሆቨንን «ፊዴሊዮ» አዘጋጀ፤ ታዳሚው ለማያውቀው ሥራ እንግዳ እንዳይሆንም ስለሚቀርቡት ኦፔራዎች በጋዜጣ ማብራሪያ ይጽፍ ነበር። እንግዲህ ሰውየው በእነዚያ ዓመታት የሌሎችን ኦፔራ እየፈታ እየገጠመ ነው የኖረው።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተባለው ላይ ድሬስደንን ልጨምር። ቬበር በ1817 እዚያ ሲገባ የተሰጠው የጀርመንኛውን ኦፔራ ማቋቋም ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ግን የሚያከብረው በሞርላኪ የሚመራውን የጣሊያን ኦፔራ ነው። ለቬበር መጀመሪያ የተሰጠውም ከሞርላኪ ዝቅ ያለ ማዕረግ በመሆኑ፣ እኩል ካልሆንኩ አልሠራም ብሎ ተሟግቶ አገኘው። አዲስ ኦፔራ ሲጀምር ዘፋኞቹን ሰብስቦ በቅድሚያ ጽሑፉን በንባብ ያሰማቸው ነበር፤ ወደ ዜማው የሚያልፉት ታሪኩን ካወቁ በኋላ ነው።

የዚህን ልምድ ፍሬ ለማየት በ«ፍራይሹትስ» ውስጥ ያለውን የተኩላ ሸለቆ ትዕይንት ማዳመጥ ይበቃል። ካስፓር በእኩለ ሌሊት ሰባት አስማተኛ ጥይቶችን ያቀልጣል፤ አንዱን በጨረሰ ቁጥር «አንድ»፣ «ሁለት» እያለ ሲቆጥር የገደል ማሚቶው ይመልስለታል፤ በየቁጥሩም መካከል ኦርኬስትራው ማዕበሉን አንድ እርከን ከፍ ያደርገዋል። መናፍስቱ ከአንድ ኖታ ሳይወጡ ያዜማሉ፤ ክላሪኔቶቹ በዝቅተኛው ድምፃቸው ያጉረመርማሉ፤ ሰይጣናዊው ሳሚኤል ግን ጨርሶ አይዘፍንም፣ ይናገራል ብቻ። ይህን ዝምታ ያሰበው ደራሲ፣ መድረክ ላይ ያለ ሙዚቃ የሚነገር አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ከመሪነት ወንበሩ ሲታዘብ የኖረ ሰው መሆን አለበት።

ሦስተኛ መልስ

ሁለታችሁም ያላችሁት ትክክል ቢሆንም ዋጋውን አቃለላችሁት። ሞርላኪ ለረጅም ጊዜ ፈቃድ ሲወጣ የጣሊያኑንም ኦፔራ የሚሸከመው ቬበር ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳውም ይዞት ነበር። የ«ኦቤሮን» ጥያቄ ከለንደን ሲመጣለት ሕመሙ ጸንቶበት ሳለ የተቀበለው፣ ለሚስቱ ለካሮሊነና ለልጆቹ ገንዘብ ለመተው ብሎ ነው። እንግሊዝኛ ጽሑፉን በሚገባ ለመረዳት ቋንቋውን አጠና፤ ኦፔራው ሚያዝያ 12 ቀን 1826 በኮቨንት ጋርደን ሲከፈት ራሱ መራው፤ በሰኔ 5 ሌሊት ባረፈበት ቤት ተኝቶ ሳለ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ድሬስደን የተመለሰው በ1844 ሲሆን፣ በመቃብሩ ላይ ንግግር ያደረገው በዚያው ኦፔራ መሪነት የተተካው ሪቻርድ ቫግነር ነው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ «በላበት» የሚለውን ቃል አነሣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ በድሬስደን ሳለ ጀምሮት ያልጨረሰው «ሦስቱ ፒንቶዎች» የሚባለው ሥራ በመጨረሻ ምን ሆነ?

ሁለተኛው መላሽ

ረቂቁ በቤተሰቡ እጅ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ የልጅ ልጁ ለጉስታቭ ማህለር ሰጠው። ማህለር በዚያን ጊዜ ላይፕሲግ ውስጥ የኦፔራ መሪ ነበር፤ የጎደለውን ከሌሎች የቬበር ድርሰቶች እየሞላ አጠናቅቆ በ1888 እዚያው ላይፕሲግ ላይ መራው።