ክርክር፦ የብስክሌት ብሔራዊ ቡድናችን አሁኑኑ ወደ ውጭ ውድድር ይመለስ ወይስ መጀመሪያ ዕቃውን ያሟላ?

የአዘዞው፦ ሐሳቡ ሁለት ነው። አንዱ ወገን ቡድኑ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ውጭ ይሰለፍ ይላል። ሌላው ለጉዞ የሚወጣው ገንዘብ ለሳይክልና ለካምፕ ይዋል፣ ካምፑም ጎንደር ይሁን ይላል። እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። ሳንባና እግር አልጎደለንም፤ የጎደለን በትልቅ ግሩፕ ውስጥ መጋለብ ነው። ከፊትህ ካለው ጎማ 30 ሳንቲሜትር ርቀህ፣ ፍሬን ሳትነካ ኩርባ መግባት። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ሰልፉ ሰያፍ ይይዛል፤ በመንገዱ ስፋት ከነፋስ የሚከለለው አሥርም አሥራ አምስትም ሰው ነው፣ የቀረው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይበጠሳል። ይህን አምስት ሆኖ ደባርቅ ደርሶ በመመለስ ማንም አይማረውም። ዋና በደረቅ መሬት አይለመድም።

የማራኪዋ፦ ትክክል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ዓመታት በውጭ ቡድኖች ውስጥ ከቆየ በኋላ ነው። ሰላም አምሃም ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ብቻዋን ነበረች፤ ብቻውን የሚጋልብ ሰው ጎማው ቢፈነዳ የራሱን ፈትቶ የሚሰጠው የቡድን ጓደኛ የለውም።

ጎማ ቤት፦ ጎማ የሚሰጠው ቢኖርስ ይገጥማል ወይ? የኔ ነጥብ እዚያ ላይ ነው። ፍሬኑ በሸራ ቸርኬውን የሚይዘው የቆየ ኮርሳ (የውድድር ሳይክል) የኋላ ጎማው እምብርት ወርዱ 130 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው መሃል ያለውን ክብ ብረት የሚይዘው፣ ማለትም የዲስክ ፍሬኑ፣ 142 ነው፣ 12 ሚሊ ሜትር ዘንግ አለው። አንዱ የሌላውን ጎማ አይቀበልም። ስድስት ልጅ በተለያየ ሳይክል ከተሰለፈ ቡድን መባሉ በማሊያ ብቻ ነው። ካቴናውን ደግሞ ተመልከቱ። አዲስ ሲሆን 24 ማያያዣው 304.8 ሚሊ ሜትር ይለካል። 306.3 ሲደርስ መቀየር አለበት፤ ያኔ ካልተቀየረ የኋላውን ጥርስ በልቶ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አዲስ ካቴና ብታደርግበትም ዳገት ላይ ሲጫኑት ይዘላል። በበጋ አቧራችን ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

የአዘዞው፦ ወንድሜ፣ ካቴና ተገዝቶ ይለወጣል። ለዚህ ተብሎ ቡድን አገር ቤት ይቀመጣል?

ጎማ ቤት፦ በሻንጣ ውስጥ የሚበላሸውን ደግሞ ስማ። የኋላውን ማርሽ፣ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሸጋግረውን፣ የምትይዝ ትንሽ አሉሚኒየም አለች፣ አውሮፕላን ላይ ስትጫን ትጎብጣለች። ማርሹ ሳይፈታ የታሸገ ሳይክል ሲወጣ ማርሹ ወደ ራጂው (ወደ ጎማው ሽቦዎች) ይጠጋል፤ በትልቁ ጥርስ ሲጋልቡት ራጂው ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ይሰብራል። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ግን የእያንዳንዱ ሳይክል ሥሪት የራሱ ስለሆነች ውድድር ቦታ አትገኝም። ለአንድ ሳይክል ሦስት መጠባበቂያ ይዞ መሄድ ነው። ዲስክ ፍሬን ከሆነ ጎማው ሲፈታ በሸራዎቹ መሃል ማራራቂያ ይገባል፤ አለዚያ አንድ ሰው መያዣውን ቢጨምቀው ሸራዎቹ ተጣብቀው ጎማው አልገባም ይላል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ከሌለ ትኬቱ ለሽርሽር ነው።

የአራዳ ልጅ፦ ካምፑን ግን ችላ አላችሁት። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ደባርቅ የሚወስደው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም እየወጣ የሚሄድ ነው። ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

የማራኪዋ፦ ለደም ጥሩ ነው፣ ለእግር ግን ያታልላል። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለል ወደ 20 በመቶ ይሳሳል። እዚህ በሰዓት 45 የሚያስኬድህ ጉልበት ታች ወርደህ ያንኑ ፍጥነት አይሰጥህም። በፍጥነት እየለካ የሚለማመድ ጠነከርኩ ብሎ ሄዶ በመጀመሪያው ሜዳ ላይ ይቀራል። ካምፕ ከተባለ በእያንዳንዱ ሳይክል ላይ የጉልበት መለኪያ ይኑር። ምግቡም እንደዚያው፤ በሶ ለጠዋት ግሩም ነው፣ ውድድር ላይ ግን ሆድ ይይዛል። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 40 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው፣ በሰዓት ሁለት ኮዳ።

የአዘዞው፦ እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ኪጋሊ ላይ፣ የዓለም ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ሲመጣ፣ የወንዶቹን 267.5 ኪሎ ሜትር የጨረሱት 30 ብቻ ነበሩ። የዓለም ምርጦች ሳይቀሩ አቋርጠዋል። ስለዚህ ውጤት አይደለም የምጠይቀው፣ የውድድር ቀን ነው። በዓመት 30 ቀን ግሩፕ ውስጥ ቢጋልቡ ይበቃኛል።

ጎማ ቤት፦ 30 ቀኑን ተቀብያለሁ። ስድስት ጋላቢና አንድ መካኒክ ከምትልክ ግን አምስት ጋላቢና ሁለት መካኒክ ላክ። በየቀኑ እየተጋለበ ለብዙ ቀን በሚሄድ ውድድር ማታ ማታ አንድ ሰው ስድስት ሳይክል አጥቦ፣ ካቴና ለክቶ፣ ጎማ ፈትሾ አያነጋም።

የአዘዞው፦ አምስት ማለት አንዱ በሁለተኛው ቀን ሲወድቅ አራት ነው። ለመሪው ነፋስ የሚከልልለት፣ ውሃ የሚያመጣለት ማን ሊሆን ነው?

ጎማ ቤት፦ ማርሹ ራጂ ውስጥ የገባበትም ያው ከውድድር ወጥቷል፤ እሱን ከየትኛው ቁጥር ልትደምረው ነው?