ሰርቮ ድራይቩ ፍጥነት ሲቀንስ ብቻ ይዘጋብኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ ነኝ። የማሸጊያ ማሽናችን ሰርቮ ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነትና አቋቋም የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ሲነሳ ደህና ነው፣ በሙሉ ፍጥነትም ይሄዳል፤ ልክ ፍጥነት ሲቀንስ ግን የኦቨር ቮልቴጅ (ቮልቴጅ በዛ የሚል) አላርም ሰጥቶ ቀጥ ይላል። መግቢያው 220 ቮልት ነው፣ የዲሲ ባሱም (ድራይቩ ውስጥ ወደ ዲሲ የተቀየረው ቮልቴጅ) ሞተሩ ቆሞ 310 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ፍጥነት ሲቀንስ እንደ ጄኔሬተር ኃይል ወደ ድራይቩ እንደሚመልስ ስለማውቅ፣ ያንን ኃይል በሙቀት የሚያጠፋውን የብሬክ ሬዚስተር ጠረጠርኩ። አጥፍቼ፣ ካፓሲተሩ እስኪራገፍ ጠብቄ፣ ፈትቼ ስለካው 47 ኦም፤ ላዩ ላይ የተጻፈውም ያው ነው። አንዱ የሽቦ ጫፍ ግን ጠቁሯል። የማቆሚያ ጊዜውን ሳረዝመው አላርሙ ይጠፋል፣ ግን ፌስታሉ ከቦታው አልፎ ይቆረጣል። የድራይቩ የብሬክ ትራንዚስተር (ሬዚስተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው) ተቃጥሎ ይሆን ወይስ ሽቦው ነው? ደሴም ሆነ እዚህ የሚጠግን የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ ሠራተኛው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።