የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ሊታጠፍብን ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር?

ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። የአራተኛ ክፍል ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ሊሰጠው ስላሰበ፣ ቅዳሜ ወላጆች ተጠርተናል። ሒሳብን አልጠላም። ነገር ግን ይህች ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት የጀመረችው ክራር ከያዘች ወዲህ ነው! ትዝታና ባቲ የተባሉትን ቅኝቶች በጆሮዋ ትለያለች፤ ከስድስቱ አውታሮች አንዱ ሲዛነፍ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ግማሽና ሩብ የገባትም ምት ስትቆጥር ነው። አሊ ቢራ በልጅነቱ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር በዘፈነባት ከተማ ሙዚቃ እንደ ትርፍ ነገር መታየቱ ያንገበግበኛል።

ስብሰባው ላይ ግን ስሜቴ ብቻ አይበቃም። መምህራን፣ የሙዚቃን ጥቅም በምን ምሳሌ ላስረዳ? ሁለቱንም ያቻቻለ የክፍለ ጊዜ ድልድል የሠራችሁ ካላችሁስ፣ እንዴት አደረጋችሁት? እባካችሁ እስከ ዓርብ መልሱልኝ።