በእህቴ ድካም የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዴት ልኑር?

የሆጤው ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ያደግኩት ደሴ፣ ሆጤ ነው። አሁን በጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ተመርቄ ኮምቦልቻ እሠራለሁ። የተመረቀው እኔ ልሁን እህቴ ግን እንጃ። ታላቄ እቴቴ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ በ2000 ዓ.ም. ጅዳ ሰው ቤት ገባች። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ የቤታችን ቆርቆሮ፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ስገባ የኪስ ገንዘቤ ሳይቀር ከእሷ ነው የመጣው። በ2006 ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ፣ ከ160 ሺህ በላይ የአገራችን ሰው ሲመለስ፣ እሷም አንድ ሻንጣ ይዛ ቦሌ ወረደች። ከሻንጣው ለእኔ ብርድ ልብስ፣ ለእማዬ ቴምር ወጣ። ከመጣች ወዲህ ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ ታጥባለች። «ተይው፣ እኔ አለሁ» ስላት «የራሴን ብር ልያዝበት» ትለኛለች።

በቅርቡ ፋይዳ መታወቂያ ልናወጣ አብረን ሄድን። መዝጋቢው ልጅ ጣቷን መስታወቱ ላይ እንድታስቀምጥ ነገራት፤ ማሽኑ አላነበበም። እጇን በሻሿ ጠርጋ ደገመች፤ የለም። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የግራው፣ የቀኙ፣ ወይ ፍንክች። ልጁ እጇን አገላብጦ አየና «እህቴ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?» አላት። «በረኪና» አለችው እየሳቀች። ወለል ስታሽ፣ አንሶላ ስትዘፈዝፍ የጣቷ መስመር ተልጧል። ልጁ ደግ ነው፤ ተረጋግቶ ሞከረና በመጨረሻ የዓይኗ ብሌን ተነስቶ አለፈ።

እሷ ከበር ሳትወጣ ረስታዋለች። እኔ ነኝ የተያዝኩት። ጫማ ስገዛ እንኳ ዋጋውን በእሷ ጣት ነው የማሰላው። ጓደኞቼ ሐይቅ ወርደን ዓሣ እንብላ ሲሉኝ ሰበብ እፈልጋለሁ። ሠርጌንም እያዘገየሁ ነው። እማዬ ደግሞ በሆነ ነገር በተጨቃጨቅን ቁጥር «ለማን ብላ ነው የተቃጠለችው?» ትለኛለች። ሰው እንዲህ ያለ ውለታ ተሸክሞ እንዴት ነው ምግብ የሚጣፍጠው? ያለፈበት ካለ ያካፍለኝ።

አብዱ ከቧንቧ ውሃ፦
አብሽር ወንድሜ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ሰውን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም» ብለዋል። በዱዓ አትርሳት። አጅሯ አላህ ዘንድ ነው፤ አንተ ራስህን አታሰቃይ።

ከሪያድ መልስ፦
እኔ ከእህትህ ወገን ሆኜ ነው የምጽፈው። ሪያድ ሠርቻለሁ፣ ወንድምም አስተምሬያለሁ። ጥሩ ልጅ ትመስላለህ። ግን ጽሑፍህን ደግሜ አነበብኩት፤ ስላንተ ጭንቀት ሞልቷል፣ እሷ አሁን ምን እንደምትፈልግ ግን አንዲት መስመር የለችበትም። አንተ ዓሣ አለመብላትህ ለእሷ ምኗ ነው? እኔ ያንን ሁሉ ወለል ያሸሁት ወንድሜ እንዲደላው ነው። ፊቱን አጥቁሮ እንደ ለቅሶ ቤት ሲያየኝ ብሩን የጣልኩት ይመስለኛል። ሰው ፊት «በእሷ ነው የተማርኩት» ሲልም መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሲደጋግመው ግን የሰው ቤት ሠራተኛ እንደነበርኩ ለማያውቀው ሁሉ ማወጅ ሆነብኝ።

እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነው። በላክሁት ብር ቤት ተሠራ። ካርታው በማን ስም ወጣ? በወንድሜ። «አንቺ ታገቢ የለ» ተባልኩ። ስመለስ እንግዳ ሆኜ ነው የቆየሁት፤ ግድግዳው ምን ይቀባ ሲባል እንኳ የጠየቀኝ የለም። እዚህ ወሎ ውስጥ ከዓረብ አገር የመጡ ሴቶችን ብታነጋግር ይህንኑ የምትነግርህ አታጣም። ማመስገን ካማረህ መጀመሪያ የቤታችሁን ካርታ አውጥተህ እይ።

ሥራሽን ተይው አትበላት። ደሞዟን ለዓመታት እንዳለ ወደ ቤት ስትልክ የኖረች ሴት የራሷ ብር እጇ ሲገባ ምን እንደሚሰማት አንተ አታውቀውም። ይልቅ ጓንት ግዛላት፣ እስከ ክርን የሚደርሰውን ወፍራሙን። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳትቀላቅልም ንገራት፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። እኛን የነገረን አልነበረም።

አያ ባቲ፦
ልጄ፣ በ77ቱ ድርቅ ባቲ መጠለያ ነበርኩ፣ ልጅ ሆኜ። እናትና አባቴ መንገድ ላይ ቀርተዋል። አንዲት የማላውቃት ሴት «የእኔ ነው» ብላ ከልጆቿ ጋር አስመዘገበችኝና ራሽን ወጣልኝ። ስታካፍለን የእኔን ድርሻ አላሳነሰችም። ስሟን አላውቅም። እስከ ዛሬ ባቲ ሰኞ ገበያ ስወጣ የአሮጊቶቹን ፊት አያለሁ፤ ብትኖር ደግሞ የት እለያታለሁ! እኔ ለማን ልክፈል? ቅሬ (እድራችን) ላይ ድንኳን እተክላለሁ፣ መቃብር እቆፍራለሁ፤ ያ ከተቆጠረልኝ። ያንተዋ ግን እዚያው ሆጤ ቡና እያፈላች ነው። እኛን የማታውቀንን ከምትጠይቅ በረካው ላይ ቁጭ ብለህ እሷን ጠይቃት እንጂ።

ቦርከና፦
ዓሣውን የማትበላው ከሆነ ለእኔ ይምጣ። የሐይቅ ቆሮሶ በጸጸት አይታለፍም።

የሆጤው ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ከሪያድ መልስ፣ ካርታው በእኔ ስም ነው። አባባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እኔ ግቢ እያለሁ ነው ያስወጣው። ውልና ማስረጃ ሄጄ ስለ ስጦታ ውል ጠይቄያለሁ፤ አሁን ወረቀቱን እያሟላሁ ነው። እማዬ አኩርፋለች፤ እሷን ቀስ ብለን እናባብላለን። ጓንቱንም ገዛሁ፤ ቀለሙን አልወደደችውም፣ ግን ታደርገዋለች።

አባቴ፣ እንዳሉኝ በረካው ላይ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ተቆጣች። «ደግሞ በእኔ ነገር ማንን ልታስለቅስ ነው?» አለችኝ። ስኒዎቹን አጣጥባ ስትመለስ ግን ያልጠበቅሁትን አመጣች፤ መንጃ ፈቃድ! እሷ ጅዳ በነበረችበት ጊዜ ሴት መንዳት አይፈቀድላትም ነበር፤ የተፈቀደው በ2010 ነው፣ እሷ ከወጣች በኋላ። ያን ሁሉ ጊዜ የሰው ልጆች አቅፋ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና የሹፌሩን እጅ ስታይ ነው የኖረችው። እኔ ስለ ጣቷ ሳለቅስ እሷ ስለ መሪ ታስባለች። «ሐረጎን እኔ እነዳዋለሁ፤ አንተ ከኋላ ተቀምጠህ ትፈራለህ» አለችኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጉም ወርዶበት ያየ ሰው የምለውን ይረዳኛል፤ ከወዲሁ ፈርቻለሁ።

እና አሁን ጥያቄዬ ተቀይሯል። ሆቴሉ የሚለቃት ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ደሴ ውስጥ ማታ ወይም እሑድ የሚያስተምር፣ ሴት አሰልጣኝ ያለው የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ የምታውቁ አላችሁ?