ደላላው የእድራችን አባል ነው፦ ፕሮፖዛሉ ላይ እንነጋገር

ጸሐፊ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ልጆች በደላላ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንዳይሄዱ ማህበራችን የሚያቀርበው ፕሮፖዛል ድራፍቱ ለእሁዱ ስብሰባ መድረስ አለበት። እስካሁን የተያዘው ሆሳዕና ላይ የአንድ ቀን ወርክሾፕ፣ ባነርና ቲሸርት ነው፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሰዉ እኮ መረጃ አጥቶ አይደለም። በ2012 መጋቢት ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፣ በ2015 ጥቅምት ማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር ወጣ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ሉሳካ ዳርቻ 27 ሬሳ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፣ ይሄን ሁሉ አልቅሰን ሳናበቃ ላኪው ደላላ ለቅሶ ቤት ሲመጣ ተነስተን ወንበር እንለቅለታለን። ፕሮፖዛሉ ይሄን ካልነካ ምን ይሰራል?

የመምህራን ተወካይ፦
እውነት ነው። ጠዋት ስም ስጠራ የጎደለ ልጅ ካለ ጓደኞቹ “ሄዷል” ይሉኛል፣ ያውም በኩራት። ሞያሌን እስኪያልፍ ወላጅም ዝም፣ ቀበሌም ዝም። ቸርች ላይ ጭራሽ የመንገድ ጸሎት ይደረግለታል። ሴቶቹንም አትርሱ፣ አዲስ አበባ ሰው ቤት “ትማራለች” ተብላ የተወሰደች ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ እንደሆነ ሄዶ ያየ አለ?

ደርባን ያለ አባል፦
እዚህ ያለነውንም ጨምሩን። ሎኬሽን (እዚህ የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ሱቅ የከፈተ ሁሉ ወንድሙን ሊያስመጣ ለደላላ ነው የሚደውለው፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ልጁ መንገድ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ይይዙትና እየደበደቡ ስልክ ያስደውሉታል፣ ቤተሰብ በሬ ሸጦ መሬት አስይዞ ይልካል። ከዛ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው እዛው ሰፈር በሰላም ይኖራል በጣም ያሳዝናል

ገንዘብ ያዥ፦
ልጆቼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው ግን በስም እንጥራ ካላችሁ እድሩ ይፈርሳል። ሰውየው የስንቱ ዘመድ ነው፣ የቸርቹን ቆርቆሮ ያለበሰውም እሱ ነው።

ጸሐፊ፦
ጋሼ ስጋትዎ ይገባኛል፣ በስብሰባ ላይ ስም አንጠራም። መክሰስ የእኛ ስራ አይደለም፣ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከለክል አዋጅ 1178/2012 አለ፣ ማስረጃ ያለው ቤተሰብ ለፖሊስ ሲያመለክት ግን ብቻውን እንዳይቀር የማህበሩ ሁለት ሰው አብሮት ይሂድ። ቆርቆሮውን በተመለከተ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና በዛ ገንዘብ የተሰራ ቤት ውስጥ የሟች እናት ስትጸልይ ማየት እኔ አልችልም።

ስለዚህ እንዲህ ልጻፈው፦ “እድሮች በሰው ዝውውር ከሚታወቅ ሰው ከመደበኛው ወርሃዊ ክፍያ ውጪ ስጦታም መዋጮም እንዳይቀበሉ፣ በኮሚቴም እንዳይመርጡት በደንባቸው ያስገባሉ።” የወርክሾፑ በጀት ደግሞ ትምህርት ቤት ላይ ይዋል፣ ልጅ ሦስት ቀን ከቀረ በማግስቱ ቤቱ የሚሄድ ሰው እንመድብ፣ ለትራንስፖርት እንክፈል።

የመምህራን ተወካይ፦
ሦስት ቀን ብዙ ነው፣ ሞያሌ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን ይሁን።

ጸሐፊ፦
እሺ አስተካክላለሁ። ደርባን፣ የናንተን ክፍል እስከ አርብ ጻፉልኝ፣ በተለይ ገንዘቡ እንዴት እንደሚተላለፍ።