«ለፖርትፎሊዮ ይሆንሃል»፦ ጀማሪ አኒሜተር በነጻ ይሥራ ወይስ አይሥራ?

የመድረኩ ጠባቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ አንድ ልጅ ወደ ቡድናችን የላከውን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጁ ብሌንደር የሚባለውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር መነካካት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የ30 ሰከንድ ሥራ «ለሙከራ» ብሎ ሰጠው። ሦስት ሳምንት ለፋበት። ወደዱለት። ክፍያውን ሲጠይቅ «ለፖርትፎሊዮ ይሆንሃል» አሉት፣ ለሥራ ማሳያህ ማለታቸው ነው። ከወር በኋላ አጎቱ ቤት ምሳ እየበላ ሥራውን ቴሌቪዥን ላይ አየው። የጠየቀን አንድ ነገር ነው፦ «ሁሉም ሰው የሚጀምረው እንዲህ ነው?»

የድርጅቱ ስም እዚህ አይጠራም። ከጠራችሁ አጠፋዋለሁ። ክርክሩ ግን ክፍት ነው።

ጋሽ ስቱዲዮ
እንግዲህ ድንጋያችሁን አዘጋጁ። እኔ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ባለቤት ነኝ። ትንሽ ቤት ናት፣ አራት ሰው ነን። ያ ድርጅት ያደረገው ነውር ነው፣ እሱን አልከላከልም። ግን «በነጻ ፈጽሞ አይሠራም» የምትሉትን ደግሞ አልቀበልም።

ምክንያቴን ስሙኝ። ወጣት መጥቶ «አኒሜሽን እችላለሁ» ይለኛል። ሪሉን፣ የሥራዎቹን ማሳያ ቪዲዮ ማለት ነው፣ እከፍታለሁ። ዶናት ነው። ያው ሁሉም ከዩቲዩብ የሚማረው ዶናት። ዘንድሮ ያየሁት ዶናት ዳቦ ቤት ያስከፍታል። ታዲያ ይሄ ልጅ ገጸ ባሕርይ ማስኬድ ይችል እንደሆነ በምን ልወቅ? ጋራዥ የገባ ለማጅ ስንት ወር መፍቻ ሲያቀብል ነው የሚቆየው? የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊስ ቀለም እየቀመመ አይደል የጀመረው? ሙያ እንዲህ ነው የሚወረሰው።

ኮልፌ ፍሬም በፍሬም
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ። መፍቻ የሚያቀብል ለማጅ ሞተር አውርድ አይባልም። 30 ሰከንድ ሞተር ማውረድ ነው። እስቲ እንቁጠረው። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለት 24 ምስል። ሲባዛ 720። በእጅ ቢሳልና አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብናቆየው እንኳ 360 ሥዕል ነው። ይሄን ነው «ሙከራ» ያሉት?

የሠዓሊው ነገር ደግሞ። መምህሩ ቀለም ሲያስቀምመው እያስተማረው ነው። ይሄን ልጅ ማን አስተማረው? ሦስት ሳምንት ሙሉ የደረሰው አስተያየት «ሎጎው ይተልቅ» ብቻ ነው።

መብራት ሄደ
እኔ ስለ ሬንደሩ ልናገር፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፍሬም አስልቶ የሚያወጣበትን፣ ማንም አያነሳውማ። የኔ ላፕቶፕ ላይ አንድ ፍሬም ደህና ከሆነ 4 ደቂቃ ይወስዳል። 720 ፍሬም ማለት 48 ሰዓት ነው። በኛ ሰፈር 48 ሰዓት ሳይቋረጥ መብራት ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር።

ጀማሪዎች ካላችሁ፦ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ሬንደር አታድርጉ። ፍሬሞቹን በፒኤንጂ፣ ማለት እንደ ፎቶ ፋይል፣ አንድ በአንድ አስቀምጡ። ቪዲዮ ከሆነ መብራቱ ሲሄድ ፋይሉ ይበላሻል፣ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። በፒኤንጂ ከሆነ ግን 411ኛው ላይ ቢቆም ከ412 ትቀጥላላችሁ። እኔ ይሄን የተማርኩት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እያለቀስኩ ነው።

ወደ ክርክሩ ስመለስ፣ «በነጻ ሠራ» የሚባለው ውሸት ነው። ልጁ አልተከፈለውም እንጂ ተከፍሎበታል። የመብራቱ፣ የኢንተርኔቱ፣ የላፕቶፑ ሒሳብ ከአንድ ሰው ኪስ ወጥቷል።

የልጅ እናት
ከእናቱ ኪስ ነው የሚወጣው ልጄ። እኔ የዚህ ልጅ እናት አይደለሁም፣ የሌላ ነኝ። ልጄ ነው «ሥራዬን እንድትረጅው» ብሎ እዚህ ያስገባኝ። ላፕቶፑን በዕቁቤ ነው የገዛሁለት። ሌሊት ሌሊት እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ላጠፋው ስነሳ «እማ፣ አትንኪው፣ እየበሰለ ነው» ይለኛል። ምን እንደሚበስል እኔ አላውቅም፣ ወጡ አልደረሰኝም።

እሱ በነጻ ሲሠራ እኔም በነጻ እየሠራሁ ነው ማለት ነው። እና ልጠይቅ፦ ይሄ ነገር ትምህርት ቤት የለውም? ዲግሪ ይዞ እንደ ሰው ማመልከቻ ማስገባት አይቻልም?

ሲልቨር ስፕሪንግ
እናቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። አለው። እዚህ አሜሪካ ካልአርትስ የሚባለው አለ፣ ዋልት ዲዝኒ ራሱ በ1961 እ.ኤ.አ. እንዲመሠረት ያደረገው። ፓሪስ ጎብላን አለ። ከነሱ የሚወጣ ልጅ በር አያንኳኳም ማለት ይቻላል። ግን የካልአርትስን ክፍያ በብር ላስላልዎት ብል ልብዎን ይዘው ነው የሚቀመጡት። በተለይ ብር ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ከወረደ በኋላ።

ዲግሪ ግን ግዴታ አይደለም። ጃፓናዊውን የአኒሜሽን ዳይሬክተር ሚያዛኪን ያውቁት ይሆናል፣ ልጅዎ በደንብ ያውቀዋል። የተማረው ፖለቲካና ኢኮኖሚክስ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ቶኤ የሚባል ስቱዲዮ ገባ። ያስጀመሩት ከታች ነው፣ በሁለት ዋና ሥዕሎች መካከል ያሉትን እየሳለ። ልብ ይበሉ፦ ዝቅተኛ ሥራ ነው፣ ግን በደመወዝ ነው። የተማረው ተቀጥሮ እየተከፈለው ነው።

እኔም ፈተና ተሰጥቶኝ ነው የተቀጠርኩት። ገጸ ባሕርዩን ስቱዲዮው ሰጠኝ፣ ከአሮጌ ሥራቸው ያወጡትን። አምስት ሰከንድ። ድሮ አየር ላይ የዋለ ገጸ ባሕርይ ስለሆነ ሊሸጡት ቢፈልጉ እንኳ የሚገዛ የለም። ፈተና እንዲህ ነው።

ጋሽ ስቱዲዮ
አንተ የምትናገረው ስለ አሜሪካ ነው ወንድሜ። እኛ ጋ ደንበኛ ሰኞ ደውሎ ዓርብ ይፈልጋል። ለለማጅ የሚተርፍ በጀት የለም።

ደግሞ ማንም ሳይቀጥረው የተነሳ ሰው ሞልቷል። በ2025 እ.ኤ.አ. ኦስካር የወሰደውን የድመቷን ፊልም፣ «ፍሎው»ን ያላየ አለ? የላትቪያ ነው። ላትቪያ ማለት ሕዝቧ የአዲስ አበባን ግማሽ የማይሞላ አገር ናት። ሙሉውን በብሌንደር ነው የሠሩት፣ ይሄ ልጅ ላፕቶፑ ላይ ባለው ሶፍትዌር። ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ ከዚያ በፊት አንድ ሙሉ ፊልም ብቻውን ሠርቷል። ብቻውን! ደመወዝ የሚሰጠው አለቃ እስኪመጣ አልጠበቀም።

የኛዋን ፀሐይንም አስታውሱ። ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ናት። ባልና ሚስት ቤታቸው ውስጥ ጀምረው ነው በኢቲቪ አንድ ትውልድ ፊደል ያስቆጠሩበት። ኋላ «ጥበብ ገርልስ»ን የሚያህል አኒሜሽን ከዚያው ቤት ወጣ።

ኮልፌ ፍሬም በፍሬም
ጋሼ፣ የጠሯቸው ሁሉ እኮ የኔ ምስክሮች ናቸው! ዚልባሎዲስ ብቻውን የሠራው ፊልም የማን ነው? የራሱ። ፀሐይ የማን ናት? የሠሯት ሰዎች። ለራስህ በነጻ መሥራትና ለሚሸጥ ሰው በነጻ መሥራት እንዴት አንድ ይሆናል? «ፍሎው» ደግሞ ሶፍትዌሩ ነጻ ይሁን እንጂ በጀቱ 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። ሠራተኛው ተከፍሎታል።

ብሌንደርም ራሱ ከሰማይ አልወረደም። በ2002 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ ኩባንያ ሲዘጋ ሰው 100,000 ዩሮ አዋጥቶ ነው ነጻ ያወጣው። መዋጮ በሉት።

አገራችን የነጻ ጉልበት ወግ የላትም አልልም። ደቦ አለ። ግን ደቦ ተራ አለው። ዛሬ ያንተ ማሳ ከሆነ ነገ የኔ ነው። ጠላውንም የሚጠምቀው ባለማሳው ነው። አጭደህ፣ ወቅተህ፣ ጠላህንም ከቤትህ ይዘህ ና ሲባል ስሙ ደቦ አይደለም።

መብራት ሄደ
😂 ጠላህን ይዘህ ና። ይሄን ቲሸርት ላይ አሳትመዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
አንድ ታሪክ ልጨምር። አርት ባቢት የሚባል የዲዝኒ አኒሜተር ነበር፣ ጉፊ የሚባለውን የካርቱን ውሻ ጉፊ ካደረጉት አንዱ። ከፍተኛ ተከፋይ ነበር። ረዳቶቹና ቀለም ቀቢዎቹ ግን በሳምንት የሚያገኙት ኢምንት ነበር። ቀለም የሚቀቡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፣ ወደ አኒሜተርነት መውጫ በር ተዘግቶባቸው። በ1941 እ.ኤ.አ. አድማ ሲመታ ባቢት ከፊት ቆመ። ለራሱ የጎደለው ነገር ኖሮ ነው? አይደለም። ይሄ «እኔም እንዲሁ ነው የጀመርኩት፣ አንተም ቻለው» የሚባለው ነገር በሁሉም አገር አለ። ጃፓን እስከ ዛሬ ብዙ ጀማሪ የሚከፈለው በሥዕል ብዛት ነው፣ የቤት ኪራይ እንኳ የማይሸፍንለት አለ። ግን ቢያንስ ይከፈለዋል!

ሕግ አንባቢ
ሁለት ነገር ተናግሬ ልውጣ። አንደኛ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙከራን ያውቀዋል። እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ግን ደመወዝ አለው። «ሙከራ ስለሆነ ክፍያ የለውም» የሚል ሕግ የለም።

ሁለተኛው ያስደነግጣችኋል። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 መሠረት፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለት በሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ ያሠራው ሰው ነው። ያልተከፈለበት «ሙከራ» ትእዛዝ ነው ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል፣ እኔም ደስ እያለኝ እከራከራለሁ። ግን ፍርድ ቤት ደጅ ከመጥናት ሥራው ሳይጀመር ሁለት መስመር መጻፍ ይቀላል፦ «ይህ ለችሎታ መመዘኛ ብቻ ነው። ለአየር ከዋለ ይህን ያህል ብር ይከፈላል።» በቴሌግራም ላኩት። «እሺ» ካሏችሁ ስክሪንሾት ያዙ። ዝም ካሏችሁም ስለ ሰዎቹ አንድ ነገር አወቃችሁ።

ጋሽ ስቱዲዮ
ደህና። በአንዱ ተረትቻለሁ፣ አልደብቅም። አየር ላይ የዋለ ሥራ ይከፈልበት። አለቀ። እኔ ዘንድም ከዚህ በፊት... እሱ ይቅር።

ግን ዶናቱን አልለቅም! ልጆች፣ ሪላችሁ ውስጥ ያለው ሁሉ የሰው ነገር ነው። ሰይፍ የያዘ ጃፓናዊ አለ። ኒውዮርክ ላይ የሚበር ሰው አለ። ሰላምታ ሲሰጥ በግራ እጁ ቀኝ ክርኑን ደገፍ የሚያደርግ ሰው ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። እኛ «አዎ» ስንል ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን፣ «እህ» ብለን። ደረት ከፍ ይላል፣ ቅንድብ ይነሳል፣ አፍ አይከፈትም ማለት ይቻላል። ይሄን አኒሜት አድርጎ ያመጣልኝ ልጅ ዕለቱን ይቀጠራል፣ በደመወዝ። ይኸው ጻፍኩት፣ ስክሪንሾት ያዙ።

ኮልፌ ፍሬም በፍሬም
ይዣለሁ ጋሼ 😄

እውነት ግን እዚህ ላይ እስማማለሁ። ከውጭ የምናወርደው የአፍ ቅርጽ ሰንጠረዥ ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። «ጠ»ን እና «ቀ»ን በሱ ሞክሯቸው። ድምፁ ቆፍጠን ብሎ ይወጣል፣ አፉ ግን ልፍስፍስ ይላል። እኔ ከ«ጠ» በፊት ሁለት ፍሬም አፉን አቆመዋለሁ፣ ከዚያ በአንድ ፍሬም እለቀዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። መስታወት ፊት «ጠጠር ጠጠር» ስል ጎረቤቴ በሩን አንኳኩታለች።

ነጠላም እንዲሁ። የዲዝኒዎቹ አኒሜተሮች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 እ.ኤ.አ. ካወጧቸው 12 የአኒሜሽን መርሆዎች አንዱ፣ ሰውነት ሲቆም ልብስና ፀጉር ትንሽ ዘግይቶ ይቆማል ይላል። ለዚህ ከነጠላ ጥለት የተሻለ መለማመጃ የት ይገኛል? ለትከሻስ ከእስክስታ?

ባለጉዳዩ
ሁሉንም አነበብኩ። አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ደውዬላቸው ነበር። «እንደውልልሃለን» አሉኝ። ሕግ አንባቢ ያለውን ሁለት መስመር ለሚቀጥለው ሥራ ጽፌ አስቀምጫለሁ።

የጋሽ ስቱዲዮን ሐሳብ ከሰዓት ሞከርኩት። 6 ሰከንድ ነው። አክስቴ ቡና ስትቀዳ። ገና ቀለም የለውም፣ ግራጫ ነው። ለማንም አልሸጥኩትም፣ የኔ ነው። እስቲ እዩልኝና ተቹ።

ጋሽ ስቱዲዮ
ጀበናው ባዶ ይመስላል። ክብደት የለውም። ከማንሳቷ በፊት ትከሻዋ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ከዚያ ይምጣ። እጇ ግን ጎበዝ ነው።

መብራት ሄደ
ስኒዎቹ አይነቃነቁም። ረከቦት እኮ ሲነካ ይንጫጫል።

የልጅ እናት
አየሁት። ቡና እንዲህ አይቀዳም ልጄ። በየስኒው ጀበናውን ቀና እያደረገች ነው። እንዲህ ከተደረገ አተላው ይነሳል። አንዴ ካዘነበልሽ ሳታቋርጪ እስከ መጨረሻው ስኒ ነው፣ ቀጭን አድርገሽ፣ ከፍ ብለሽ።

ባለጉዳዩ
እማማ፣ እርስዎ ሲቀዱ ልጅዎ በስልክ ቢቀርጽልኝስ? ከጎን በኩል፣ እጅዎ ብቻ ቢታይ ይበቃኛል። እያየሁ አስተካክለዋለሁ።

የልጅ እናት
ስንት ትከፍለኛለህ?